ካንሰርን በደም መፈለግ፦ የአንቲቦዲ ምርመራ ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር

ካንሰርን በደም እናገኛለን የሚሉ ምርመራዎች በዝተዋል። ማስታወቂያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ደም ስጡ፣ ውጤት ጠብቁ፣ እፎይ በሉ። የሚለኩት ነገር ግን ለየቅል ነው። አንዱ የሰውነት መከላከያ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ይለካል፣ አንዱ ዕጢው ራሱ የሚያወጣውን ፕሮቲን፣ ሌላው ደግሞ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ የአንቲቦዲ ምርመራ ለሐኪም ረዳት ሊሆን ይችላል፣ "ካንሰር የለብኝም" የሚያሰኝ ወረቀት ግን አይደለም። ለዚያ ብላችሁ ልትገዙት ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

አንቲቦዲው ከየት መጣ?

የካንሰር ሕዋስ የተበላሸ ፕሮቲን ይሠራል፣ ወይም እዚያ ቦታ መገኘት የሌለበትን ፕሮቲን ያወጣል። የሰውነት መከላከያ ይህን እንደ ባዕድ ይቆጥርና አንቲቦዲ ያመርትበታል። ፒ53 በሚባለው ፕሮቲን ላይ የተመረተ አንቲቦዲ በጡት ካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ መገኘቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሐሳቡም ልብ ይስባል። ትንሽ ዕጢ የሚያወጣው ፕሮቲን ኢምንት ስለሆነ በደም ውስጥ ለማግኘት ያስቸግራል፣ አንቲቦዲ ግን በብዛት ስለሚመረትና ቶሎ ስለማይጠፋ ዕጢው ገና ሳያድግ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

ችግሩ ሁሉም ታማሚ አንቲቦዲውን አያመርትም። አንድ አንቲቦዲ ብቻ ከተለካ አብዛኛው ሰው ያመልጣል፣ ስለዚህ ኩባንያዎቹ በርካታውን ባንድ ላይ ይለካሉ። ደግሞ ካንሰር የሌለበት ሰውም አንዳንዴ ይገኝበታል።

ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው ቁጥር

ከእነዚህ ምርመራዎች በደንብ የተፈተነው ኧርሊ ሲዲቲ ላንግ ነው። ለሳንባ ካንሰር የተሠራ ሲሆን ሰባት አንቲቦዲዎችን ይለካል። በስኮትላንድ 12,208 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎበታል፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆነ፣ በማጨስ ምክንያት ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ገደማ ተመረመሩ፣ ሌሎቹ እንደወትሮው ቀጠሉ።

ከተመረመሩት 598ቱ ፖዘቲቭ ወጡ። ከነዚህ መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ የሳንባ ካንሰር የተገኘባቸው 18 ናቸው። የቀሩት 580 ሰዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ ካንሰር አልተገኘባቸውም፣ ግን "ፖዘቲቭ ነህ" ተብለው ሲቲ ስካን ተቀጥሮላቸዋል። በሌላ በኩል ከተመረመሩት በጠቅላላ 56 ሰዎች የሳንባ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ይህም ማለት 38ቱን ምርመራው ሳያያቸው አለፈ። ኔጋቲቭ ብሎ ሸኛቸው ማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጥሩ ጎንም አለው። ካንሰሩ ገና ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ላይ ከነበሩት 23 ሰዎች 12ቱን ለይቷል፣ ደረጃ ሦስትና አራት ላይ ከነበሩት 33 ግን 6ቱን ብቻ። ከሌሎች የደም ምርመራዎች በተቃራኒ መሆኑ ነው የሚገርመው። በምርመራው ቡድን ዘግይቶ የተገኘ ካንሰርም ከሌላው ቡድን አንሷል፤ 33 ለ52። ሆኖም በሁለቱ ዓመታት ውስጥ በሞት ቁጥር ላይ በእርግጠኝነት የሚጠቀስ ልዩነት አልታየም።

ከፒኤስኤና ከመሰሎቹ ጋር

ብዙ ሰው ለፕሮስቴት ካንሰር የሚለካውን ፒኤስኤን፣ ለእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የሚለካውን ሲኤ 125ንና ለአንጀት ካንሰር የሚለካውን ሲኢኤን ከአንቲቦዲ ምርመራ ጋር ያምታታል። እነዚህ ዕጢው ወይም የሰውነት ክፍሉ ራሱ የሚያወጣቸው ፕሮቲኖች ናቸው። በየላቦራቶሪው ይገኛሉ፣ ስለዚህ ቀላል ይመስላሉ። ግን ፒኤስኤ በኢንፌክሽንም፣ ካንሰር ባልሆነ የፕሮስቴት ማበጥም ከፍ ይላል። ሲኤ 125 በእርግዝናና በወር አበባ ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ለቆሽት ካንሰር የሚለካውን ሲኤ 19-9ን ደግሞ በተፈጥሯቸው ጨርሶ የማያመርቱ ሰዎች አሉ፤ ካንሰር ቢኖርባቸው እንኳ ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ይቀራል።

በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ጥናት ነበር። ሲኤ 125ን እየተከታተሉ መመርመር የሞትን ቁጥር አልቀነሰም፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ጉልበታቸው ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ ነው። ለምሳሌ የአንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ሲኢኤ እንደገና ሲያሻቅብ ሐኪሙ ይነቃል። ምንም ምልክት ሳይኖር "ሁሉንም የካንሰር ጠቋሚ አንድ ላይ እንለካላችሁ" የሚል ጥቅል ካያችሁ እለፉት።

ከዲኤንኤ ምርመራ ጋር

ጋለሪ የሚባለው ከ50 በላይ የካንሰር ዓይነቶችን እፈልጋለሁ ይላል። የውሸት ማስደንገጡ ከአንቲቦዲው በጣም ያነሰ ነው። 6,621 ሰዎችን በያዘ አንድ ጥናት 92ቱ ላይ ምልክት አሳየ፣ በ35ቱ ካንሰር ተረጋገጠ። ድክመቱ ገና በጅምር ላይ ያለው ካንሰር ነው፤ በሌላ ጥናት ደረጃ አንድ ላይ ካሉት ያገኘው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፣ ደረጃ አራት ላይ ካሉት ግን 90 በመቶ። ሺልድ የሚባለው የዲኤንኤ ምርመራ ደግሞ ለአንጀት ካንሰር ነው፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለዚሁ እ.ኤ.አ. በ2024 አጽድቆታል። ካንሰሩን 83 በመቶ ያህል ያገኛል፣ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የደረሱ እድገቶችን ግን 13 በመቶ። ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) እነዚህን አይቶ እዚያው ነቅሎ ያወጣል፤ የደም ምርመራ ይህን አያደርግም።

ታዲያ ለማን የቱ?

ለረጅም ዓመት ያጨሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በዝቅተኛ ጨረር የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ከ53,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከደረት ራጅ ጋር ሲወዳደር የሳንባ ካንሰር ሞትን 20 በመቶ ቀንሷል። ለአንጀት የሰገራ ምርመራ ወይም ኮሎኖስኮፒ፣ ለማህፀን በር ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚፈልገው የኤችፒቪ ምርመራ አለ። እነዚህን ዘሎ ደም ብቻ መስጠት አይመከርም።

ሲቲ ላይ ሳንባው ውስጥ ጉብታ ታይቶ ሐኪሙ "ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና) ይወሰድ ወይስ እንጠብቅ" እያለ ለሚያመነታበት ሰው ግን የአንቲቦዲ ምርመራ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ፖዘቲቭ ከሆነ ጥርጣሬውን ከፍ ያደርገዋል። ኔጋቲቭ ከሆነ ግን ጥርጣሬውን እምብዛም አይቀንስም፣ ይህን ያዙልኝ። ለዚህ አገልግሎትም ቢሆን የትኛው ሕክምና ይጠቅማል የሚለውን የሚገመግመው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ማስረጃው ገና በቂ አይደለም ብሏል።

አንቲቦዲ በእውነት የሚያኮራበት ቦታ ሌላ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ድንገት ሚዛኑ የተዛባ፣ እጅ እግሩ የደነዘዘ፣ ምክንያቱ ግን ያልታወቀ ሰው ደም ውስጥ አንቲ ሁ የተባለው አንቲቦዲ ከተገኘ ሐኪሞች በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ትንንሽ ሕዋስ ያለውን የካንሰር ዓይነት ይፈልጋሉ። አንቲ ዮ ከሆነ እንቁላል ማምረቻና ጡት። ካንሰሩ ራሱ ምንም ስሜት ሳይሰጥ አንቲቦዲው የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል። ግን ይህን የሚያዘው የነርቭ ሐኪም ነው፣ ራሳችሁ የምትገዙት አይደለም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፖዘቲቭ ብወጣ ቀጥሎ ያለውን ማን ይከፍላል? በስኮትላንዱ ጥናት ፖዘቲቭ ወጥቶ የመጀመሪያው ሲቲ ንጹሕ ለሆነለት ሰው እስከ ሁለት ዓመት በየስድስት ወሩ ሲቲ ይቀጠርለት ነበር። የምትገዙት የአንድ ቀን ደም ቢመስልም፣ የሚከተለው ይኸው ሁሉ ቀጠሮ ነው። ሻጩ ስለዚህ መልስ ከሌለው ደማችሁን አትስጡት።