ከሰልን ከጓዳ ያስወጣው ምድጃ፦ ኢንዳክሽን ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኢንዳክሽን የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረም። ባለ አንድ ራስ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 2,000 ዋት፣ ቻይና ሠራሽ። መርካቶ 6,000 ብር ገደማ አወጣሁበት። ዩቲዩብ ላይ ስለዚህ ዕቃ የሚወራው አብዛኛው ካርቶኑ በተከፈተበት ቀን የተቀረጸ ነው። ውሃ ይጥዳሉ፣ «አያችሁ፣ ፈላ!» ይላሉ፣ አለቀ። እኔ የምጽፈው ቁሌት ለሚያቁላላ፣ መብራት ለሚጠፋበትና አከራይ ላለው ሰው ነው።

ዋጋውን አስቀድሜ የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሰማይ ወጥቷል፤ 6,000 ብር ለደሞዝተኛ ቀላል አይደለም። ከሰሉ ግን ባሰብኝ። በየወሩ ይጨምራል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥቡን በደረቅ ዋጋ ይሸጡላችኋል። ስለ አካባቢ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ሶላርና የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላማ የከተማው ወሬ ሁሉ ባትሪ ሆኗል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ጠዋት ማታ ታክሲ ተሰልፋ ለምትሄድ ሴት የኤሌክትሪክ መኪና ምኗ ነው? የእኔ ቢጤ አቅም የሚፈቅደው አረንጓዴነት ማድ ቤት ነው ያለው ባይ ነኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንጨት ከምረው፣ አፈር አልብሰው በሚያከስሉበት በተለመደው መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይሄዳል። የአገራችን መብራት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው፤ ከቀረው አብዛኛው የነፋስ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሁላችንም ቦንድ ገዝተን ስናበቃ ሽሮ በከሰል ማንተክተክ ትንሽ ያስቃል።

ወደ ዕቃው ልግባ። ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ ወጪ የድስት ነው። ኢንዳክሽን እንደ ስቶቭ ራሱ አይግልም። ከመስታወቱ ሥር ያለው የመዳብ ጥቅልል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥርና የድስቱን ታች ያግለዋል። ስለዚህ ማግኔት የማይይዘው ድስት አይሠራም። አሉሚኒየም አይሠራም፣ ሸክላም አይሠራም። ቤቴ የነበሩት ድስቶች ከአንድ መጥበሻ በቀር ሁሉም አሉሚኒየም ነበሩ። ምድጃው ላይ ስታስቀምጧቸው ጲጵ ጲጵ ብሎ ይጠፋል፣ በቃ።

ከተበላሸ ስፒከር ላይ ማግኔት ነቅዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ድስት ፍለጋ ወጣሁ። ይህን ዘዴ ለሁሉም እመክራለሁ። ባለሱቁ «ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ለኢንዳክሽን ነው» እያለ ይምላል፤ ማግኔቷን ታቹ ላይ አስጠጋለሁ፤ እጄ ላይ ትወድቃለች። «እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብረት ሁሉ ማግኔት ይይዛል ብላችሁ አትሸወዱ፤ የማይይዘው ብዙ ነው። በተቃራኒው የድሮው፣ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠው ድስት ውስጡ ብረት ነውና ማግኔቷን ጥርቅም አድርጎ ያዛት። ምን አለሽ ተራ በርካሽ አገኘሁት። እስካሁን ሻይና ሽሮ የሚሠራው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ታቹ ጠፍጣፋ ይሁን። የተጎበጠ ከሆነ ምድጃው ላይ ይሽከረከራል፣ ሙቀቱም አንድ ቦታ ይከማቻል። አሉሚኒየሞቹን ለቆራሌው በሚዛን ሸጥኩ፤ ከወጪው ጥቂቱን መለሱልኝ።

አሁን ዋናው ፈተና፣ ቁሌት። ምስር ወጥ እንኳ ሲሠራ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ውሃውን እየጨረሰ መቁላላት አለበት። ለዚህ ዝግ ያለና የማያቋርጥ እሳት ያስፈልጋል። ርካሽ ኢንዳክሽን ግን ዝግ ያለ እሳት የለውም። ኃይሉን ስትቀንሱት እውነት አይቀንስም፤ እየበራ ይጠፋል። ጆሯችሁን ካስጠጋችሁ ይሰማል፦ ሽንኩርቱ ለጥቂት ሰከንድ ጭጭጭ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ፣ ከዚያ እንደገና ጭጭጭ። በበራ ቁጥር የሚግለው ደግሞ በጥቅልሉ ልክ ያለው ክብ ነው። ድስቱ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ መሐል ላይ ቀለበት ሠርቶ ያርራል፣ ዳሩ ላይ ያለው ገና ነጭ ነው። በርበሬ ከገባማ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ማማሰል ነው።

መፍትሔው ወፍራም ድስት ሆኖ ተገኘ። ወፍራም ብረት ምድጃው ሲጠፋም ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ያንን እየበራ መጥፋቱን ያስታርቀዋል። ውሃ ጠብ እያደረግሁ፣ ከዳር ወደ መሐል እያማሰልኩ አሁን ቁሌቴ ጥሩ ይወጣል። እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ ምስር ወጡን ቀመሰችና «ጥሩ ነው፤ ግን ቸኩሏል» አለች። ልክ ናት። በከሰል አንድ ሰዓት የሚወስደውን በግማሽ ስትጨርሱት የሆነ ነገር ይጎድላል። አሁን አውቄ አዘገየዋለሁ።

ሽሮ ላይ ግን ወደር የለውም። ተንተክትኮ ሊገነፍል ሲል አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ከሰል ላይ ቢሆን ድስቱን አንስታችሁ የት እንደምታስቀምጡት ስትፈልጉ ፈሶ ነበር። መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ወልወል ማድረግ ነው። አመድ የለም። የግድግዳው ጥቀርሻ ከታጠበ ወዲህ አልተመለሰም። ልብሴ ቢሮ ከሰል ከሰል አይሸትም፤ ይሄ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ውሃ ማፍላት ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። 1 ሊትር ውሃ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይፈላል፤ ወደ 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚበላው። ነገር ግን «ውሃ ማፍያ» የሚለው ቁልፍ፣ ሲፈላ በራሱ ይጠፋል የተባለው፣ የእኔ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድጃው 100 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠብቃል መሰለኝ። ሲጠብቅ ውሃው ያልቃል። ስለዚህ ያንን ቁልፍ እርሱት።

ቦሎቄና ሽምብራ አልበስል ብሎ የሚያስመርረንም በዚሁ በ92 ዲግሪ ነው። ማታ መዘፍዘፍ ግድ ነው። ከዚያ ደህና አድርጌ ካፈላሁት በኋላ ምድጃውን አጠፋና ድስቱን ከነክዳኑ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስ ተለሳልሶ ይጠብቀኛል፤ ትንሽ እንደገና ማፍላት ይበቃዋል። ፕሬዠር ኩከር ቢኖረኝ ይሄ ሁሉ ባላስፈለገ፤ በዚህ ከፍታ ከማንም በላይ እኛን ነው የሚጠቅመን። ማግኔት የሚይዘው ግን ዋጋው አይቀመስም።

የመብራቱ ነገር ረዘም ያለ ታሪክ አለው። የምኖረው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ተከራይቼ ነው። የአከራዬ የመጀመሪያ ሕግ «ስቶቭ ክልክል» ነው። ብዙ ተከራይ ይህን ያውቀዋል። ምድጃውን ሲያዩ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ካርዴን እንዳይጨርስብኝ» አሉኝ። ክፉ ሆነው አይደለም። የቤት ታሪፍ በደረጃ ነው የሚሄደው፦ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ናቸው፣ ከዚያ ወዲያ እየተጠቀማችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ዋጋው ወደ ላይ ይወጣል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግቢው ሁሌ ውዱ ደረጃ ላይ ነው። ለብቻው ቆጣሪ ያለው ሰው በርካሽ የሚያገኘውን መብራት ተከራይ በውድ ይከፍላል ማለት ነው። ይሄ ኢፍትሐዊ ነው፤ ስለ ንጹሕ ማብሰያ የሚያወሩ ሰዎችም ብዙ ሲያነሱት አልሰማም።

ተቀምጠን አሰላን። ምድጃው 2,000 ዋት ቢሆንም ሙሉ ኃይሉን የሚበላው ውሃ ሲፈላ ብቻ ነው። የእኔ የቀን ማብሰያ፣ ቁርስም እራትም ተደምሮ፣ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። እሳቸው እንጀራ የሚጋግሩበት ምጣድ 3,500 ዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄዳል። የእኔ አራት ቀን በላይ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁ፣ ግን አላመኑኝም። በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ በክፍሌ መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ በራሴ ወጪ አስገባሁ። አሁን በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን አብረን አይተን እከፍላለሁ። በውዱ ደረጃ ከፍዬም ቢሆን ለከሰል ከማወጣው ከግማሽ በታች ነው። ቆጣሪው ከገባ ወዲህ ክርክር የለም፤ እንዲያውም ምጣዳቸውን ሁለቴ ሦስቴ ከማሞቅ ሊጡን አንድ ላይ ጋግረው መጨረስ ጀምረዋል።

ሶኬቱን አደራ። 2,000 ዋት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ነው። ቀጭን ገመድ ያላት ዲቫይደር አትችለውም፤ ትቀልጣለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰኩት፤ ሶኬቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ቀይሩት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርድና ምድጃው የሆነ ኮድ ጽፎ ይቆማል። እኔ እራት ከአሥራ አንድ ተኩል በፊት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ እሠራለሁ። መብራት ጭራሽ የሚሄድበት ቀንም አለ። ለዚያ ቀን ላቀች የከሰል ምድጃዬ ከመታጠቢያው ሥር አለች። እሷን ሳቀጣጥል ደጅ ነው፤ የከሰል ጋዝ አይታይም አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል ይገድላል።

ቡና ቀረ። ጀበና ሸክላ ነው፣ ኢንዳክሽን አያውቃትም። በመሐል የሚገባ የብረት ዝርግ ይሸጣል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሙቀቱን እሱ ራሱ ይበላዋል። የብረት ጀበና የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልለመድኩትም። ዕጣኑስ በምን ይጨሳል? ስለዚህ እሑድ ቡና በከሰል ነው፣ ይህን ለማስቀረት ዕቅድ የለኝም። በፊት ወር የማትደርስ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አሁን ከመስከረም እስከ ጥምቀት ትዘልቃለች። ሻጯንም ከሰሉ ከየት እንደመጣ እጠይቃታለሁ። የአዊ ገበሬዎች ደከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለው፣ ቆርጠው፣ አክስለው፣ ቦታው ላይ መልሰው ይተክላሉ፤ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ብዙ ሰው ለዓመታት በእሱ ሲተዳደር ቆይቷል። ይህ በስምጥ ሸለቆ ማንም ያልተከለውን ግራር ቆርጦ ከማክሰል ጋር አንድ አይደለም። ግራሩ እሳቱ ስለሚጸና በውድ ይሸጣል። እኔ ለአንድ ስኒ ቡና አልፈልገውም።

ስለ ጥንካሬው። በስድስተኛው ወር ገደማ ፋኑ መጮህ ጀመረ። ገልብጬ ብሎኑን ስፈታ ያገኘሁት የሽሮ ዱቄትና በረሮ ነው፤ ከሥሩ ስለሚሞቅ ለበረሮ ምቹ ቤት ነው። በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጭራሽ እምቢ አለ። የሸጠልኝ ሱቅ የዓመት ዋስትና ብሎ ነበር፤ ብሎኑ ላይ የነበረው ወረቀት ተቀዷልና አይመለከተንም አሉኝ። የሰፈራችን ቲቪ ጠጋኝ ቦርዱ ላይ የተቃጠለ አንድ ዕቃ ቀይሮ የዋጋውን ሩብ በማይሞላ ብር አስነሳው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ያቃጠለው አለኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት እንደሄደ ከሶኬት እነቅለዋለሁ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ነው የምሰካው። ሌላ ጊዜ ግን፣ ሥራ እንደጨረሳችሁ ወዲያው አትንቀሉት፤ ፋኑ አቀዝቅዞት በራሱ እስኪቆም ጠብቁ። ስትገዙም ካርቶኑን አትጣሉ፣ ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፣ ሱቁ ውስጥ ውሃ አስጥዳችሁ አነስተኛው ኃይል ላይ አድርጉና በስንት ሰከንድ እየጠፋ እንደሚበራ ቆማችሁ ቁጠሩ። ባለሱቁ ቢነጫነጭም ግድ የለም።