ጎማዬን ከፓራፋንጎ ላስጣሉልኝ ጋሼ

ጅማ ውስጥ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

መኪናዬ በፈረንጆች የ1982 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ከአጎቴ የወረስኳት። ከሁለት ወር በፊት «ወፍራም ጎማ መንገድ ይይዛል» ተባልኩና ወርዱ 155 ሚሊ የነበረውን አውጥቼ 185/70 (ወርዱ 185 ሚሊ) አሰርኩ። ቸርኬው ያው ባለ 13 ኢንች ነው። አማረችብኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ እማዬንና ሁለት አክስቶቼን ይዤ ለለቅሶ ወደ አጋሮ ወጣሁ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ከኋላ በቀኝ በኩል ግርርር! አንዷ አክስቴ «ልጄ፣ መኪናህ ታቃስታለች» አለችኝ። ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ወርጄ ሳይ የጎማው ጎን ተግጦ ክሩ ወጥቷል። አዲስ ጎማ እኮ ነው።

ተመልሼ መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) «ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ) በመዶሻ ወደ ውጭ እናወጣዋለን» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ሞላው መሀል ጎማ ሰክቶ ከፍ ሊያደርጋት ፈለገ። ሁለቱም ከስር ገብተው አላዩም።

ወደ መካኒኩ ጋሼ የመራኝ ጎሚስታው ነው። ጋሼ ክሪክ እንኳ አላነሱም። ደልዳላ ቦታ አስቆሙኝና ክር ጫፍ ላይ ዳዶ አስረው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ታች ለቀቁት። ከክሩ እስከ ጎማው ለኩ። በቀኝ 10 ሚሊ፣ በግራ 32። «አዲሱ ጎማህ በየጎኑ 15 ሚሊ ጨምሯል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግራውም ቀኙም እኩል ይጠብ ነበር» አሉኝ። ልዩነቱ 22፣ ግማሹ 11። አክስሉ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ 11 ሚሊ ወደ ቀኝ ሸሽቷል ማለት ነው። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አፈርኩ።

ከዚያ ከስር ገቡ። ከቦዲው ወደ አክስሉ አግድም የተዘረጋ ዘንግ አለ። አክስሉ ግራና ቀኝ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። በሁለቱም ጫፍ የሚገባው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ አልቆ ዱቄት ሆኗል። በብረት ነቅነቅ ሲያደርጉት ዘንጉ እንደ ልቡ ይጫወታል። ለካ ችግሩ ድሮም ነበር፤ ቀጭኑ ጎማ ነው ደብቆልኝ የኖረው።

አሮጌውን ጎሚኒ በመጋዝ ቆርጠው አወጡ። አዲሱን የሳሙና ውሃ ቀብተው ሞርሳ ላይ እያጠበቁ አስገቡት። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ መኪናዋ እንደተንጠለጠለች ብሎኑን ሊያጠብቅ ሲል «ሱታ! ሱታ!» (ቀስ በል) አሉት። መኪናዋ መጀመሪያ በእግሯ ትቁም አሉ፤ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ስንቱ ጋራዥ ይጠነቀቃል?

ድጋሚ ሲለኩ በቀኝ 20፣ በግራ 22 ሆነ። «ሁለቷ ሚሊ የእርጅና ናት» ብለው ሳቁ። አላበቁም። የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀቡት፣ ሦስት ጎረምሳ ከኋላ አስቀመጡና ኮረኮንቹ ላይ ንዳ አሉኝ። ተመልሰን ስናይ ጠመኔው እንዳለ ነው፤ ጎማው ጫፉን አልነካውም።

የተጋጠውን ጎማ ግን እንድጥለው ነገሩኝ። ጎኑ ክር ያወጣ ጎማ አይጠገንም አሉ። በእሱ ምትክ ሌላ ገዝቼ ተካሁ፣ አንጀቴ እያረረ። የእሳቸው የእጅ ዋጋ የጎማውን ሩብ እንኳ አይሞላም። እነዚህ ጎማዎች ሲያልቁም ወደ 155 እንድመለስ መክረውኛል።

ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ስማቸውን አልጻፍኩም። ሄርማታ ላይ ማንኛውንም ጎሚስታ «በክር የሚለኩት ጋሼ» በሉት፣ ያሳያችኋል። ስልክ አያነሱም። አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሶላት ስለሆነ አትድከሙ። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፤ የእኔ ሙሉ ቀን ፈጅቷል፣ መቀመጫውም የተገለበጠ ጀሪካን ነው። ቡና ግን ይመጣላችኋል።

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች። ለአርባው አጋሮ ስንሄድ ከኋላ ተቀምጣ የምትሰማው ነገር ካለ እደውላለሁ፤ ያኔ እንኳ ስልኩን ያንሱ!