ስፒኒንግ ወይስ ቤይትካስቲንግ? ለጊቤ ውኃ የሚሻለው ሪል

ከጅማ ተነስቶ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ዓሣ ለማጥመድ የሚወርድ ሰው፣ ሪል (ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ክር የሚጠቀልል መሣሪያ) ልግዛ ሲል ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ አይቀርለትም።

ስፒኒንግ ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል። ሲወረወር ክሩ የተጠቀለለበት በከራ አይሽከረከርም፤ ክሩ ብቻ ከላዩ እየተፈታ ይወጣል። ስለዚህ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። ትል የተሰካበትን ትንሽ መንጠቆ ሳይቀር ራቅ አድርጎ ይጥላል። የአብዛኞቹ እጀታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዛወራል፤ ግራኝ ለሆነው ወንድሜ ተስማምቶታል። ችግሩ ክሩ ውሎ አድሮ መጠማዘዙ ነው።

ቤይትካስቲንግ ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል። ሲወረወር በከራው ራሱ ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱን በአውራ ጣትህ ትቆጣጠራለህ። ማጥመጃው ውኃ ላይ አርፎ በከራው መዞሩን ከቀጠለ ጉድ ፈላ! ክሩ እንደተተረተረ ሹራብ ይተበተባል። እኔ የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ዓሣ ሳወጣ ሳይሆን ክር ስፈታ ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣማ አይወራ። ከለመዱት በኋላ ግን ያሰቡበት ቦታ፣ ከሰመጠው ግንድ አጠገብ ያሳርፋል። ወፍራም ክርና ከባድ ማጥመጃም ይችላል።

ዋጋ? ርካሽ ስፒኒንግ እንደ ነገሩ ይሠራል። ርካሽ ቤይትካስቲንግ ግን ፍሬኑ ደካማ ከሆነ ያስለቅሳል።

ለቆሮሶ፣ ለልጆች፣ አልፎ አልፎ ለሚወጣ ሰው ስፒኒንግ ይበቃል። ትልቅ አምባዛ ከቁጥቋጦ መሀል ጎትቶ ለማውጣት ለሚመኝ፣ ግቢው ውስጥ ውርወራ ለመለማመድም ትዕግሥት ላለው፣ ቤይትካስቲንግ ይሁንለት።