ለበረራ ሲሙሌሽን የገዛሁት ኮምፒውተር፦ አዲስ አበባ ላይ ከዓመት በላይ ከሠራ በኋላ

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። ለበረራ ሲሙሌሽን ብላችሁ ኮምፒውተር የምትገዙ ከሆነ ቅድሚያውን ለፕሮሰሰሩ ስጡ። ግራፊክስ ካርዱ ሁለተኛ ነው። ይሄን ማሽን ከዓመት በላይ ይዤዋለሁ። ብዙውን ምሽት ስበርበት አመሻለሁ፣ ሴቲንጉን ደጋግሜ ነካክቼዋለሁ፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን እንደሚሆንም በደንብ አይቻለሁ። እዚህ ከተማ «ጌሚንግ ፒሲ ገዛሁ» ስትሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርዱ ምንድነው?» የሚል ነው። ለተኩስ ጌም ጥያቄው ልክ ነው። ለበረራ ግን መጀመር ያለበት ከፕሮሰሰሩ ነው።

ማሽኑ ይሄ ነው፦ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 4070 ሱፐር ባለ 12 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋ ዲዲአር5 ራም፣ 2 ቴራ ኤስኤስዲ፣ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ 27 ኢንች 1440ፒ ሞኒተር። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ማዘርቦርዱና ካርዱ ከዱባይ ነው የመጡት። እዛ የምትኖረው እህቴ ቡር ዱባይ ካለው አል ዓይን ሴንተር ገዛችልኝ። ሕንፃው ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ በሱቅ ላይ ስለሆነ ዋጋ እየጠየቁ መዞር ይቻላል። ኬዙን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ሞኒተሩን እዚሁ ቦሌ ገዛሁ፤ ከባድ ዕቃ በሰው ሻንጣ ማስመጣት ጣጣው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ። በብዛት የምበርበት ሲሙሌተር፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020፣ ብዙውን ሥራ ሜን ትሬድ በሚባል አንድ መስመር ላይ ይጭናል። የአውሮፕላኑ ሲስተም፣ ንፋሱ፣ በአካባቢው የሚበሩት ሌሎች አውሮፕላኖች፣ ከፊት እየቀረበ ያለው መሬት፣ አብዛኛው እዛች መስመር ላይ ወረፋ ይይዛል። ወረፋው እስኪያልፍ ካርዱ የሚሥለው ነገር የለም፣ ይጠብቃል። በጣም ውድ የሆነ ካርድም ያው ይጠብቃል። 7800ኤክስ3ዲን ለየት የሚያደርገው 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) መያዙ ነው። ተመሳሳይ 8 ኮር ያለው 7700ኤክስ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው ያለው። ሲሙሌተሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገው መረጃ እዛው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከተቀመጠ ራም ድረስ መመላለሱ ይቀንሳል፣ ወረፋውም ቶሎ ያልፋል።

ዋጋውን አስቡት። ፕሮሰሰሩ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 449 ዶላር ነበር። 4070 ሱፐር በ2024 መጀመሪያ ላይ በ599 ዶላር ወጣ፤ በዚያው ወር የወጣው 4080 ሱፐር ደግሞ በ999። የሁለቱ ካርዶች ልዩነት 400 ዶላር ነው፣ ማለትም ሙሉ ፕሮሰሰሩን ሊገዛ ትንሽ የቀረው ገንዘብ። እኔ ያንን ልዩነት ፕሮሰሰሩ ላይ አደረግኩት፣ ዛሬም ብገዛ እንደዛው አደርጋለሁ። ለ4ኬ ሞኒተር ወይም ለቪአር ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እዛ ካርዱም ከባድ ሥራ አለበት። የቆየ ኤኤም4 ማዘርቦርድ (የድሮው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ያለው) ያላችሁ ደግሞ ሁሉንም ነገር መቀየር የለባችሁም፣ 5700ኤክስ3ዲ እሱ ላይ ይገጠማል። እሱም 96 ሜጋባይት ካሽ አለው፣ ሲወጣ ዋጋው 249 ዶላር ነበር፣ የድሮውን ዲዲአር4 ራማችሁንም ትቀጥሉበታላችሁ።

ገጣጥማችሁ እንደጨረሳችሁ ቀጥታ ወደ በረራ አትግቡ። መጀመሪያ ባዮሱን (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጉ። በ2023 ጸደይ አንዳንድ የዚህ ፕሮሰሰር ባለቤቶች ቺፑ ተቃጥሎባቸው ነበር፤ ከዛ በኋላ በወጡት ባዮሶች ኤስኦሲ የሚባለው የቺፑ ክፍል ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳይበልጥ ተገደበ። ሱቅ ውስጥ የቆየ ማዘርቦርድ የድሮውን ባዮስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ይሄ መዝለል የሌለበት ነገር ነው። ቀጥሎ እዛው ባዮስ ውስጥ ኤክስፖን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ሴቲንግ፣ አብሩ። ራሙ ላይ 6000 ተብሎ ቢጻፍም ይሄን ካላበራችሁት በ4800 ነው የሚሠራው፣ ልዩነቱም ትልልቅ ኤርፖርት ላይ ይታያል። ካበራችሁት በኋላ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳታጠፉት! ራሙን እየለማመደ ነው፣ ተዉት። ይሄን ሥራ ስትሠሩ መብራቱ ደህና የሆነበትን ሰዓት ምረጡ።

በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ሴቲንጉ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ማሳደዱን ተዉት። ለበረራ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሄድ ፍሬም ነው። 70 ላይ ቆይቶ ለማረፍ ስትጠጉ 35 ላይ ከሚወድቅ ማሽን፣ ከመነሻ እስከ ማረፊያ 40 ላይ ሳይነቃነቅ የሚቆይ ማሽን እጅግ ይሻላል። ምክንያቱም በጣም የሚያስፈልጋችሁ የመጨረሻዎቹ 50 ጫማዎች ላይ ነው፣ አፍንጫውን ቀና ስታደርጉ። እዛ ጋ ከተቆራረጠ እጃችሁና ዓይናችሁ ይለያያሉ። እኔ ሞኒተሩን 120 ኸርዝ ላይ አድርጌ ሪቫቲውነር በሚባል ፕሮግራም ፍሬሙን 40 ላይ ዘጋሁት። 120 ለ40 ሲካፈል ልክ 3 ስለሚመጣ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል 25 ሚሊሰከንድ ይታያል። ሂትሮውን የመሰለ የተጨናነቀ ኤርፖርት ላይ እንኳን ፕሮሰሰሩ ትንፋሽ ይተርፈዋል።

ቀጥሎ ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴይል የሚለው ሴቲንግ አለ። መሬቱ ምን ያህል ርቀት ድረስ ጠርቶ እንደሚታይ የሚወስነው እሱ ነው፣ ፕሮሰሰሩን በጣም የሚያደክመውም እሱ ነው። ለንደንና ፍራንክፈርት ላይ 100 አደርገዋለሁ። ኢትዮጵያ ላይ ግን 200 እና ከዛ በላይ አወጣዋለሁ፤ ሕንፃው ትንሽ ነው፣ ተራራው ግን ሩቅ ድረስ መታየት አለበት። ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትዞሩ ገደሉ በ100 ደብዝዞ ይቀራል፣ በ250 ግን አምባ በአምባ ሆኖ ይመጣል። ለኔ የማሽኑ ዋጋ የተመለሰው እዛ ላይ ነው።

ቴክስቸሩን አልትራ አታድርጉት፣ ሃይ ይበቃል። 12 ጊጋ የካርድ ሜሞሪ ለ1440ፒ በቂ ነው፣ ነገር ግን ከባድ ኤርላይነርና ዝርዝር የበዛበት ኤርፖርት ሲገናኙ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ ፍሬሙ ቀስ ብሎ አይቀንስም፣ ይወድቃል። ዲኤልኤስኤስን (ምስሉን በትንሹ ሥሎ በኤአይ የሚያሳድገውን ዘዴ) በተመለከተ፣ ውጭውን ለማየት አሪፍ ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን የሚንቀሳቀሱት ቁጥሮች፣ በተለይ የከፍታው፣ ጥላ ይጎትታሉ። መሣሪያ እያየሁ ስለምበር ቲኤኤ በሚባለው የተለመደ የምስል ማለስለሻ ላይ ነው የምተወው። ፍሬም ጀነሬሽን (ካርዱ በመሃል የራሱን ፍሬም የሚጨምርበት ዘዴ) ለሽርሽር በረራ ጥሩ ነው፣ ምስሉን ለስላሳ ያደርጋል። በእጅ ሳሳርፍ ግን አጠፋዋለሁ፣ ጆይስቲኩ ትንሽ የዘገየ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ላይ መኖር የሚጨምረው የራሱ ጉዳይ አለ። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በሲሙሌተሩ በሴስና 172 ከቦሌ የተነሳ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ካላቀጠናችሁት ሞተሩ ጉልበት አይሰጥም፣ ብታስተካክሉትም ለመነሳት ረጅም መንገድ ይበላል። ያው አየር ነው የኮምፒውተሩንም ፋን የሚያገኘው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የሚለጥፈውን የፋን ከርቭ (ፋኑ በየሙቀቱ ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስነውን ሴቲንግ) እንዳለ አትቅዱ፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ደግነቱ ከተማው ቀዝቃዛ ነው፣ ፕሮሰሰሩም ጌም ላይ ብዙ ኃይል አይበላም። ባለሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ገጥሜ፣ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባል ሴቲንግ 20 እርከን ቀንሼ፣ ከ89 ዲግሪው ገደብ በጣም ርቆ ነው የሚሠራው። ካርዱንም አፍተርበርነር በሚባል ፕሮግራም ቮልቴጁን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ከ220 ዋት ወደ 170 አካባቢ ወረደ፣ በረራው ላይ ግን የቀነሰ ነገር አላየሁም።

የዋት ቁጠባው ዋና ጥቅሙ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ላይ ነው። 1500 ቪኤ፣ ፒውር ሳይን ዌቭ (ሞገዱ ለስላሳ) የሆነ ነው የያዝኩት። ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ የተቆራረጠ ስለሆነ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አይቀበሉትም፤ መብራት በሄደበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ጓደኛዬ ቤት በዓይኔ አይቼዋለሁ። የኔ ማሽኑንም፣ ሞኒተሩንም፣ ራውተሩንም ይዞ ከ10 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ፋይናል ላይ (ለማረፍ የመጨረሻው መስመር ላይ) ከሆንኩ አሳርፌ፣ ሞተር አጥፍቼ እዘጋለሁ። መብራት ሲመለስም ወዲያው አልሰካም፣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት እጠብቃለሁ።

ኢንተርኔቱ ሌላው ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር መሬቱን በኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። የ2024ቱ ከበፊቱ የበለጠ በዚህ ላይ ይደገፋል፣ የሚመከረው ፍጥነት 50 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ቤት ያለኝ መስመር ማታ ማታ ይደክማል፣ ያኔ መሬቱ ጭቃ የተቀባ ይመስላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም የምበረው 2020ውን ነው። ማኑዋል ካሽ የሚባል ነገር አለው፦ የምትፈልጉትን አካባቢ ካርታው ላይ መርጣችሁ ቀድማችሁ ታወርዳላችሁ። አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን ሌሊት ሌሊት አወረድኳቸው። አሁን መስመሩ ቢቋረጥም የጣና ዳርቻ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ጭራሽ ኢንተርኔት የሌላችሁ ኤክስ ፕሌን 12ን ሞክሩ፤ መሬቱ ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ የአውሮፕላኑ አካሄድም ለኔ እጅ የበለጠ እውነት ይመስላል።

ያላረካኝም አለ። ጆይስቲኩ ትረስትማስተር ቲ16000ኤም ነው። ዋናው ዱላ በማግኔት ስለሚሠራ ዛሬም እንደ አዲስ ነው። ለራደር (የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ግራና ቀኝ ለሚያዞረው የጭራ ክፍል) የሚጠመዘዘው ግን በወራት ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ታክሲ ሳደርግ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ትንሽ ዴድ ዞን (እንቅስቃሴው የማይቆጠርበት ክፍተት) መስጠት ይረዳል፣ ችግሩን ግን አያጠፋውም። ሌላው፣ ዊንዶውስ ለኃይል ቁጠባ ብሎ ዩኤስቢውን ያስተኛዋል፣ ረጅም ክሩዝ ላይ እጃችሁን ካነሳችሁ ጆይስቲኩ ይጠፋል። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድን አጥፉት። አቧራውም ቀላል አይደለም። ሰፈራችን ግንባታ ስላለ በበጋ የኬዙ ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ከወትሮው ጥቂት ሲጨምር ከፍቼ አጸዳዋለሁ።

አሁን ለምትገዙ 9800ኤክስ3ዲ ወጥቷል፣ ሲወጣ 479 ዶላር ነበር። እሱም የኔ ማዘርቦርድ ባለው ኤኤም5 መሰኪያ ላይ ስለሚገጠም ወደፊት ማዘርቦርዱን ሳልቀይር ልወስደው እችላለሁ፣ ለጊዜው ግን አያስፈልገኝም። ቀጣዩ ግዢዬ የእግር ፔዳል ነው። እህቴ ለመስቀል ስትመጣ ታመጣልኛለች። ቦሌ ላይ የጎን ንፋስ ሲኖር በሚንቀጠቀጥ ራደር ማረፍ ሰልችቶኛል።