ኤይላት፣ ኮራል ቢች፦ ጀልባውን ተዉት፣ ማስክ አድርጋችሁ ግቡ

ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው የእስራኤል ከተማ ኤይላት ለምትሄዱ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። ኮራል ለማየት ብላችሁ ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ላይ ገንዘብ አታውጡ። ስሙን የማልጠራው አንዱ ላይ ቤተሰብ ይዤ ወጥቼ ነበር። መስታወቱ ተቧጭሯል፣ ሞተሩ ጆሮ ይበጥሳል፣ አስጎብኚው ደግሞ በማይክ «ድንጋይ ላይ የበቀሉ አበቦች» ብሎ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ። ልጆቹ መስታወቱ ላይ ያዩት የራሳቸውን ፊት ነው።

ከከተማው ከግብፅ ጋር ወደሚያገናኘው የታባ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የኮራል ቢች ጥብቅ ስፍራ ግን ሌላ ነገር ነው። 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዳርቻ ነው፤ መግቢያ ይከፈላል፣ ማስክና ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) እዚያው ይከራያል፣ ሻወርም አለ። ከአሸዋው ተነስታችሁ ዘው ብላችሁ ውሃ ውስጥ መግባት የለም። ከሪፉ፣ ማለትም ኮራሎች ከሠሩት የባሕር ውስጥ ክምር በላይ ድልድይ ተዘርግቷል፤ በእሱ ሄዳችሁ ጠለቅ ያለው ጋ ስትደርሱ ትወርዳላችሁ። አንዳንዱ ሰው ይሄን እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው፣ ምክንያቱም ድልድዩ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም በእግራችን የምንረግጠው ነገር ሕይወት ያለው ነው።

ኮራል አበባም ድንጋይም አይደለም። እንስሳ ነው፣ የጄሊፊሽ ዘመድ። መጀመሪያ ዓይን የማይሞላ እጭ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ይለጠፍና ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እንስሳ ይሆናል። ከዚያ ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይሠራል፣ ራሱንም እያባዛ ጎን ለጎን ይሰፋል። የድሮው ይሞታል፣ አዲሱ ላዩ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ያ ሁሉ ግዙፍ ነገር ውስጡ ባዶ አፅም ነው፤ በሕይወት ያለው ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በእግር ብትፍቁት የምትገድሉት እሱን ነው።

አትቸኩሉ። አንዱን ክብ ኮራል ምረጡና ሳትነኩት አንድ ክንድ ያህል ቀርባችሁ ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ። ላዩ እንደ እንጀራ በዓይን የተሞላ ነው፣ እያንዳንዷ ዓይን የአንድ ፖሊፕ ቤት ናት። ቀን ቀን አብዛኞቹ ተሰብስበው ይውላሉ፤ ሲመሽ ቀጫጭን እጆቻቸውን አውጥተው ያለፈ ያገደመውን ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ያጠምዳሉ። ቀን ምን ይበላሉ? ሰውነታቸው ውስጥ አልጌ፣ ማለትም እንደ ተክል ያለ በዓይን የማይታይ ነገር ያኖራሉ፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከእሱ ሊያገኙ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሪፍ የሚሠሩ ኮራሎች ጥልቀት የሌለውና ጥርት ያለ ውሃ የሚወዱት።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኢንስታግራም ላይ ያያችሁትን ቀለም አትጠብቁ። አብዛኛው ኮራል ቡናማ ነው፤ ቀለሙ በአመዛኙ የአልጌው ነው፣ ውሃው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ቀይን ይውጠዋል። ያሸበረቁት ዓሦቹ ናቸው። አንዱ ፓሮትፊሽ ይባላል፣ አፉ የበቀቀን ነው፤ ጆሯችሁን ከሰጣችሁ ኮራሉን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ውሃ ውስጥ ይሰማል። አልጌውን ይበላል፣ ድንጋዩን ፈጭቶ በኋላው ይለቀዋል። ማልዲቭስ ሄደው ነጭ አሸዋ ላይ ተንጋለው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች የተኙበት ብዙው ነገር ምን እንደሆነ ማን በነገራቸው።

ዕድሜውን ደግሞ አስቡት። ክቡ ዓይነት በዓመት የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርንጫፋማው ፈጠን ይላል። ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ክብ ኮራል ካያችሁ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሳይጭኑ የጀመረ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ለምን እንዲህ ጠራ ካላችሁ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባም። አፈር አምጥቶ የሚያለብሰው የለም። አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፣ መረብ ሱዳን አሸዋ ውስጥ ይቀራል፣ ተከዜም መጨረሻው ዓባይ ነው። በነገራችን ላይ ኮራል ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ቀይ ባሕር ደናክል ድረስ ገብቶ ስለነበር የዚያን ጊዜው ሪፍ ቅሪት ዛሬም አፋር በረሃ ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ ይታያል።

የኤይላትን ኮራል ሳይንቲስቶች የሚመላለሱበት ሌላም ምክንያት አለ። ውሃ ከልኩ በላይ ለሳምንታት ሲሞቅ ኮራል አልጌውን ያባርርና ነጭ ይሆናል። ያኔ ገና አልሞተም፣ እየተራበ ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ግን ይሞታል። የአውስትራሊያው ኮራል ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይሄ ደጋግሞ ደርሶበታል። የኤይላቱ ከብዙዎቹ የተሻለ ሙቀት ይችላል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ሰሜን የመጡት እጮች የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር በሆነው በባብ ኤል ማንደብ በኩል የደቡቡን ትኩስ ውሃ አልፈው ነው፣ ያልቻለው እዚያው ቀርቷል። እንደዚያም ሆኖ ችግር አይነካውም ማለት አይደለም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የመጣው ማዕበል ብዙ ሰባብሯል።

ጠዋት ግቡ፣ ነፋስ ሳይነሳና ሰው ሳይበዛ። በአይሁድ ፋሲካና በነሐሴ ዕረፍት ግን ባትሞክሩት ይሻላል። ከሰንስክሪን ይልቅ እጀ ረጅም ቲሸርት ልበሱ፤ አንዳንዱ ቅባት ለኮራል ስለማይበጅ ሃዋይ ኦክሲቤንዞን የሚባል ኬሚካል ያለበትን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምራ ከገበያ አውጥታለች። ሰናፍጭ መልክ ኖሮት ጫፉ ነጣ ያለ ነገር ካያችሁ ራቁ፣ እሳት ኮራል ነው፣ እንደ ሳማ ይለበልባል። መዋኘት የማትችሉ ወይም እናት አባት ይዛችሁ የመጣችሁ ብዙ ሳይርቅ የባሕር ውስጥ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ ደረጃ ወርዳችሁ በመስኮት ታያላችሁ። እናቴ እዚያ ቁጭ ብላ «ተዉኝ እስቲ» እያለች አልነሳም ብላናለች።

ማስክ ስትመርጡ ማሰሪያውን ሳታጠብቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉና በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልክ ነው። ጢማሞች ትንሽ ውሃ መግባቱን ቻሉት፣ ወይ ተላጩ።