ከማራኬሽ የገዛሁት አሮጌ የቤኒ ዋራይን ስጋጃ

ፍርዴን ላስቀድም፦ ስጋጃው አሪፍ ነው፤ ሻጩ ግን ወሬ ያበዛል።

የገዛሁት ማራኬሽ፣ ራህባ ቀዲማ አደባባይ አጠገብ ካሉት የምንጣፍ ሱቆች ከአንዱ ነው። ቤኒ ዋራይኖች በሞሮኮ መካከለኛው አትላስ፣ ሰሜን ምሥራቁ ላይ የሚኖሩ የአማዚግ (በርበር) ጎሣዎች ናቸው። የስጋጃቸው መደብ ያልተነከረ ነጭ የበግ ሱፍ ነው። መስመሮቹም ከጥቁርና ከቡናማ በግ የተሸለቱ እንጂ ቀለም አልነካቸውም።

ሻጩ ሻይ በናና ቀድቶ ተረቱን ጀመረ። ይሄ የአልማዝ ቅርጽ የሴት ምልክት ነው፣ ያኛው ከክፉ ዓይን ይጠብቃል... ሊሆን ይችላል። ግን ምን ለማለት እንደፈለገች የምታውቀው የሸመነችው ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ እዚያ የለችም። እሱ ሲያወራ እኔ ስጋጃውን ገለበጥኩት።

ቁም ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ቋጠሮው አንድ በአንድ ይታያል። በሁለት የቋጠሮ ረድፎች መሃል ብዙ የማግ ክር አልፏል። ሳሳ ብሎ መሠራቱ ስንፍና አይደለም። የአትላስ ብርድ ከባድ ነው፤ ስጋጃው መኝታም ብርድ ልብስም ነበር፤ ስለዚህ መተጣጠፍ አለበት። አልማዞቹ ወደ አንዱ ጫፍ እየጠበቡ ሄደዋል፣ አንዱ መስመርም መሃል ላይ ሳይታሰብ ይታጠፋል። ሴቶቹ ያለ ንድፍ ወረቀት፣ ከጭንቅላታቸው ነው የሚሸምኑት። ቀጥ ብሎ በቆመው መሸመኛ ላይ ያለቀው ክፍል ከታች ስለሚጠቀለል፣ የጀመሩትን እንኳ እያዩ አይቀጥሉም። እኔ የወደድኩት ይህንኑ መዛነፍ ነው።

"80 ዓመቱ ነው" አለኝ። አላመንኩም። አዲሱን ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ በበረኪና እያጠቡ የሚያስረጁ ሞልተዋል። ጠጉሩን ገለጥ አድርጌ ሥሩን አየሁ። ጥቁሩ ጫፉ ላይ ደብዝዞ ወደ ሥሩ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ሱፉ አልደረቀም፤ ቅባቱ እጅ ላይ ይሰማል። 80 ይሁን አይሁን እንጃ፣ ማርጀቱ ግን የእውነት ነው።

9000 ድርሃም ጠርቶ 6000 ደረስን። ጠርዙ በሌላ ክር መጠገኑን ሳሳየው ደግሞ ድምፁን ሳያሰማ 500 ቀነሰ። ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ስጋጃው ጠባብና ረጅም ስለሆነ ሰፊ ሳሎን አይሞላም። ሲረጥብ የበግ ሽታ አለው። ደማቅ ቀለም የሚወድ ሰው ቤኒ ዋራይን ላይ አይድከም፤ አዚላል ወይም ቡጃድ የሚባሉትን ሌሎች የሞሮኮ ስጋጃዎች ይጠይቅ።