በሐዋሳ ቢሮአችን ያሠራነው ግራውንድ፦ ስለ አገልግሎቱ

ፒያሳ አካባቢ ባለው ቢሮአችን የሌዘር ፕሪንተሩን የጀርባ ብረት የነካ ሁሉ ይነዝረው ነበር፤ ለወራት በቀልድ ስናልፈው ቆይተን፣ አንድ ባልደረባችን የዩኤስቢ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሊሰካ ሲል ብልጭታ ያየ ዕለት ግን ግራውንድ፣ ማለትም አፈትልኮ የወጣን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ የሚዘረጋ ባለሙያ ጠራን። የመጡልን በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪሺያን ከአንድ ረዳታቸው ጋር ነው።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት መለካታቸው ነው። መልቲሜትሩን በፕሪንተሩ ብረትና በውኃው የብረት ቧንቧ መካከል ሲያደርጉት 100 ቮልት አካባቢ አነበበ። ፕሪንተሩ ግን ጤነኛ ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ ለማጣራት የሚገቡት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች) ከሁለቱም መስመሮች ወደ ብረቱ ስለሚያያዙ፣ ግራውንድ ሲታጣ ከ220 ቮልቱ ግማሽ ያህሉ ብረቱ ላይ ይታያል፤ የሚፈሰው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሰውን ከመንዘር አያልፍም፣ የኮምፒውተርን የዩኤስቢ ወደብ ግን ሊያቃጥል ይችላል። የእኛ ፕሪንተር የተሰካው የግራውንድ ብረት በሌለው ርካሽ ባለሁለት እግር አዳፕተር ነበር።

አዳፕተሩን ጥለን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ብንሰካውስ አልን። ሶኬቱን ፈትተው አሳዩን፤ ቀድሞ የሠራልን ሰው ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) በአንዲት አጭር ሽቦ ከግራውንዱ ብረት ጋር አገናኝቶታል። «ልጆች፣ ይህን ማን ሠራላችሁ?» አሉ። እንዲህ ባለው ሶኬት ላይ ምንም አይነዝርም፤ ነገር ግን ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የፕሪንተሩም የኮምፒውተሩም ብረት ሙሉውን 220 ቮልት ይሸከማል።

ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። የግራውንዱ ሽቦ የሚታሰርበት የመጀመሪያው 1.5 ሜትር የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ መለኪያው ከ60 ኦም በላይ አሳየ (ኦም ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል)፤ የአካባቢያችን አፈር አሸዋና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ኮረንቲን በቀላሉ አያሳልፍም። ሁለተኛ ዘንግ ከዘንጉ ርዝመት በላይ አርቀው ቀብረው ሲያገናኙት ወደ 22 ኦም ወረደ። እዚህ ላይ ብዙዎች ሥራው አለቀ ብለው ሒሳብ ይቀበላሉ። እሳቸው ግን 220ን ለ22 አካፍለው፣ 10 አምፔር ብቻ የሚፈስበት ብልሽት ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር እንደማያወርደው አስረዱንና ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ፣ ማለትም ትንሽ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያቋርጥ ማጥፊያ፣ ጨመሩ። ፕሪንተሩንም ከዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዕቃ) አስወጡት፤ ማሞቂያው በተነሣ ቁጥር የሚስበው ኃይል ለትንሽ ዩፒኤስ ይከብደዋልና።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ዘግይተው መጡ፤ የዘንጎቹን አናት ያለ ክዳን በመተዋቸው ግቢ ጠራጊዋ በሁለተኛው ቀን ተሰናክላበታለች፤ የልኬቱንም ውጤት በጽሑፍ ያገኘነው ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው። ልኬቱ የተወሰደው በመስከረም፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ስለሆነ፣ መሬቱ ሲደርቅ በየካቲት ተመልሰው እንዲለኩልን ተስማምተናል፤ ለዚያ ይከፈላቸው አይከፈላቸው ግን ሳንነጋገር ቀርተናል።